በሃዊ ሰርግ የጠጣሁት ብርጭቆ ውሃ

ፎቶ ስነሳ አልስቅም ነበር። የመታወቂያዬን፣ የምርቃቴን፣ የእህቴን የሰርግ አልበም ብታዩ በሁሉም ላይ ከንፈሬን ገጥሜ፣ ከሰው የተጣላሁ መስዬ ቆሜአለሁ። ድንገት ሳቅ ካመለጠኝ ቀኝ እጄ ከእኔ ቀድሞ አፌ ላይ ይደርሳል። የተወለድኩት ባቱ ነው። ያደግሁት በጉድጓድ ውሃ ስለሆነ የወተት ጥርሴ ወልቆ የበቀለው ጥርሴ ቡናማ ሆኖ በቀለ። የሰፈራችን ልጆች ሁሉ እንደዚያው ስለነበርን ነገሩን ያወቅሁት ዩኒቨርሲቲ ስገባ ነው። አንድ የዶርም ጓደኛዬ "ከጫት ነው ከሲጋራ?" ብሎ ጠየቀኝ። ሁለቱንም ቀምሼ አላውቅም ነበር።

ይህን መጀመሪያ የምነግራችሁ እንድታዝኑልኝ አይደለም። ለምን እንደዚያ እንደቸኮልኩ እንድትረዱልኝ ነው።

ተመርቄ አዳማ አጠገብ በሚገኝ አንድ የጤና ጽሕፈት ቤት ጤና መኮንን ሆኜ ተቀጠርኩ። ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር፤ ዶክተር ባልሆንም ሰው ሁሉ ዶክተር ይለኛል፣ እኔም አላርምም። ከተሰጡኝ ሥራዎች አንዱ ቡርቃ ለምትባል ሰፈር የመጠጥ ውሃ ደንብ ማርቀቅ ነበር። ቡርቃ ወደ ሶደሬ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለች፣ ሽንኩርትና ቲማቲም የምታመርት ትንሽ ሰፈር ናት። በመግቢያዋ ላይ ከትልቅ ግራር ሥር አንድ የእጅ ፓምፕ አለ። የግማሽ ሰዓት መንገድ ሲኬድ ደግሞ የተጣራ የወንዝ ውሃ የሚቀዳበት ቦኖ አለ። ቦኖው ሩቅ ነው፣ ሰልፉም ረጅም ነው፤ ስለዚህ ሰው ሁሉ የሚጠጣው ከፓምፑ ነበር። የፓምፑ ውሃ ተመርምሮ ውጤቱ ጠረጴዛዬ ላይ ሲደርስ ገና ሳልከፍተው አውቄዋለሁ። ፍሎራይድ። በእኛ ሸለቆ መሬት ውስጥ ያለ፣ ከውሃው ጋር የሚወጣ ነገር ነው። በአንድ ቀን አይገድልም። የሚያድግ ልጅን ጥርስ ያበላሻል፤ ብዙ ዓመት ሲጠጡት ደግሞ አጥንትን ይይዛል።

ደንቡ አንድ ገጽ ነበር። የፓምፑ ውሃ ለልብስ፣ ለከብትና ለግንባታ፤ የቦኖው ለመጠጥ። የሚጸድቀው ግን የሰፈሩ ሰው ተሰብስቦ ሲስማማበት ነው። ሁለት ጊዜ ስብሰባ ጠራሁ፤ ሁለቱንም ጊዜ የመጣው ሰው ጣት አይሞላም። ኃላፊዬ ረጋ ያለች ሴት ናት፤ "ሕዝቡ ሳይመክርበት ምንም ነገር እንዳትነካ" አለችኝ። እሺ አልኳት። እንቅልፍ ግን አጣሁ። ሰው እስኪሰበሰብ ስንት ልጅ ጥርስ ያበቅላል እያልኩ አልጋዬ ላይ ስገላበጥ ሰነበትኩ።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት አንድ ጣሳ ቀይ ቀለምና ብሩሽ ገዝቼ በባጃጅ ቡርቃ ወረድኩ። ለማንም አልተናገርኩም። ፓምፑን ከእጀታው እስከ እግሩ ቀይ ቀባሁት። ከኋላው ባለው የሲሚንቶ ግድግዳ ላይ በአማርኛና በኦሮምኛ "ለመጠጥ አይሆንም" ብዬ ጻፍኩ። ጽፌ ስጨርስ ውሃ ከሚቀዱት እናቶች ብዙዎቹ እንደማያነቡ ትዝ አለኝ። ምን ይሻላል ብዬ ቆምኩና በኤሌክትሪክ ትራንስፎርመር ላይ የሚሳለው ነገር መጣልኝ። የራስ ቅል፣ ከሥሩ ሁለት የተመሳቀሉ አጥንቶች። ሥዕል ላይ እጄ መጥፎ አይደለም። የራስ ቅሉ በጣም አማረልኝ።

አንዲት አሮጊት ባዶ ጀሪካን ይዘው መጡ። "አካም ቡልተ" ብለው ሰላም አሉኝና ግድግዳውን አዩ። ቆዩ። ከዚያ ጀሪካናቸውን ባዶውን ይዘው በመጡበት ተመለሱ። ደስታዬን አትጠይቁኝ። በሁለት ስብሰባ ያልሆነው በአንድ ጣሳ ቀለም ሆነ ብዬ ፉጨት ሁሉ ሞክሮኝ ነበር። ከፓምፑ መቶ እርምጃ በማይሞላ ርቀት ላይ ድንኳን ሲተከል አይቻለሁ። የማን እንደሆነ ግን አልጠየቅሁም።

በማግሥቱ እሁድ፣ ጠዋት አራት ሰዓት ገደማ ስልኬ ጮኸ። አስቴር ነበረች፤ በቡርቃ ቤት ለቤት እየዞረች የምታስተምር የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ናት።

"የት ነህ?"

"ቤት። እሁድ አይደል እንዴ?"

"ልብስህን ለብሰህ ና። የኦቦ ከድር ልጅ ሰርግ ሊፈርስ ነው።"

"እና እኔ ምን አገባኝ?"

"ያፈረሰው አንተ የሳልከው ነገር ነው" አለችና ዘጋችው።

የተሳፈርኩበት ባጃጅ ሹፌር ወሬ የሚወድ ወጣት ነበር። ቡርቃ ስለው ዞሮ አየኝ። "እዚያ ውሃው ተመርዟል አሉ፣ ሰምተሃል? ጓደኛዬ ትናንት በጋሪ የጫነውን ሁሉ ደፋው።"

"ማን ነው ተመርዟል ያለው?"

"መንግሥት ነዋ። የራስ ቅል ስለውበታል።"

ጥፍሬ ሥር የደረቀ ቀይ ቀለም ነበረ። እጄን ኪሴ ውስጥ ከተትኩ። መንገዱ ሩቅ አይደለም፤ ያን ቀን ግን አልደርስ አለ። ፍጠን እንዳልለው ፈራሁ።

ስደርስ ሁለት ሚኒባሶች ከግራሩ ሥር ቆመዋል። ከአርሲ ነገሌ የመጡት የሙሽራው ዘመዶች ነጫጭ ልብሳቸውን ለብሰው ከመኪናዎቹ ጥላ ሥር ተኮልኩለዋል እንጂ ድንኳኑ ውስጥ የሉም። አስቴር ሮጣ መጥታ የሆነውን ነገረችኝ። አንዱ ሹፌር መኪናው ሞቆበት ውሃ ሊጨምር ፓምፑ ጋ ቆመ። የሙሽራው አክስቶች እግራቸውን ሊታጠቡ ወረዱ። የራስ ቅሉን አዩ። ድንኳን ገብተው ከተቀመጡ በኋላ ከገብስ የተጠመቀ ቀሪቦ ሲቀዳላቸው ሽማግሌያቸው ሐጂ ሁሴን "በየትኛው ውሃ ነው የተጠመቀው?" ብለው ጠየቁ። ኦቦ ከድር መዋሸት አልቻሉም። "በፓምፑ" አሉ።

"ቀሪቦውን አንጠጣም ቢሉ ምን አለበት?" አልኳት። "ለስላሳ ይግዙላቸው።"

አስቴር ሕፃን ልጅ እንደምታይ አየችኝ። "የሙሽሪትን ቤት መጠጥ ሳይቀምሱ መነሳት ልጅቷን አልፈለግንም ማለት ነው። ደግሞ ነገሩ ከቀሪቦ አልፏል። አክስትየዋ 'ልጅቷም ይህን መርዝ ስትጠጣ ነው ያደገችው፤ ማሕፀኗ ልጅ ይይዛል ወይ?' ብላለች። እስከ ዙሁር ሶላት ሊመካከሩ ነው የወጡት።"

ኦቦ ከድር ከድንኳኑ በር ላይ ቆመው ነበር። የሰፈሩ የውሃ ኮሚቴ ሰብሳቢ ናቸው፤ ያን ፓምፕ በወጣትነታቸው መሬቱን ቆፍረው ካስተከሉት ሰዎች አንዱ ናቸው። ከዚያ በፊት ባገኙኝ ቁጥር "ልጄ" ነበር የሚሉኝ።

"ደህና አደሩ ዶክተር?" አሉኝ። በአንቱታ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

"ኦቦ ከድር፣ እኔ ሰርግ መኖሩን..."

"ውሃው መርዝ ከሆነ ለምን እስከ ዛሬ ዝም አሉን? መርዝ ካልሆነ ደግሞ ለምን ደጃችን ላይ ሞት ሳሉብን?"

"ሁለት ጊዜ ስብሰባ ጠርቻለሁ" አልኩ። ድምፄ ለራሴም ቀጠነብኝ።

"የመጀመሪያው ቀን ሽንኩርት ላይ ዝናብ ወርዶብን ነበር። የሁለተኛው ቀን ቀብር ነበርን። ቤቴ ግን ከዚህ ይታያል። አንድ ቀን ጎራ ብለው ከድር እንዲህ ያለ ነገር አለ አላሉኝም።"

ዞሬ አየሁ። ቤታቸው እውነትም ይታያል።

አስቴር ክንዴን ይዛ በጓሮ በኩል ወደ አንድ ክፍል አስገባችኝ። ሙሽሪት ሃዊ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። እጇ እስከ ክንዷ በሒና ተውቧል። አላለቀሰችም።

"ወንድሜ፣ አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ" አለች። "ልጅ አልወልድም?"

"ትወልጃለሽ። ውሃው ከዚያ ጋር ምንም አያገናኘውም። ጥርስን ነው የሚያበላሸው። አጥንትንም፣ ግን ከብዙ ዓመት በኋላ።"

"ጥርሴንማ አውቀዋለሁ።" ፈገግ ስትል ከፊት ያሉት ሁለቱ ጥርሶቿ ላይ ቡናማ መስመር አየሁ። አፏን አልሸፈነችም። "እጮኛዬ ጀማል ሲያየኝ ምንም አላለኝም። አሁን ግን አክስቱ አፏን ትክፈትና እንይ ማለቷ አይቀርም። እኔ ፈረስ ነኝ እንዴ? እባክህ ሂድና ንገራቸው። ሰው ባንተ ነው የሚያምነው።"

ስወጣ ሐጂ ሁሴን ወደ ድንኳኑ ተመልሰው ተቀምጠዋል። የእህል ነጋዴ ናቸው፤ ቀይ፣ ረጋ ያሉ፣ ጢማቸው ሒና የተቀባ ሽማግሌ። የሰፈሩ ሰው ድንኳኑን ከብቦታል። ከፊት ለፊቴ ሕፃን ያዘሉ፣ ነፍሰ ጡር የሆኑ፣ ልጅ በእጃቸው የያዙ እናቶች ቆመዋል። ያን ሁሉ ሰው ሁለት ጊዜ ጠርቼ አጥቼዋለሁ፤ ያን ቀን ማንም ሳይጠራው ሞልቶ ነበር።

"ልጄ፣ አንተ ነህ የሳልከው?" አሉኝ ሐጂ።

"አዎ፣ እኔ ነኝ።"

"የሞት ምልክት ነው አይደል?"

"ለማስጠንቀቂያ ነው። ሰው ይሞታል ማለቴ አይደለም።"

"እንግዲህ እኛ የተማርን አይደለንም፤ የሞት ምልክት ስናይ ሞት ነው የምንለው። ረጅም ነገር አልጠይቅህም። አንተ ይህን ውሃ ትጠጣዋለህ?"

እኔ ሳልመልስ ኦቦ ከድር ተነሱ። ማንንም አላዘዙም። ራሳቸው ወደ ፓምፑ ሄዱ፤ የፓምፑ እጀታ ሲንቋቋ ድንኳኑ ውስጥ ተሰማ። በአንድ ረዘም ያለ ብርጭቆ ቀድተው መጡና ሰጡኝ። የብርጭቆው ውጭ እየተንጠባጠበ ነበር። እጃቸው ላይ ያልደረቀ ቀይ ቀለም ተነካክቶ ነበር።

እስቲ እናንተ እኔን ሁኑ። ካልጠጣሁ ሚኒባሶቹ ይነሳሉ፤ ያቺ ልጅ "መርዝ የጠጣች" ተብላ በአባቷ ቤት ትቀራለች፣ ከእሷ በኋላ ያሉት የቡርቃ ልጆችም እንደዚያው። ከጠጣሁ እነዚያ እናቶች በሙሉ ዶክተሩ ራሱ ጠጣው ብለው ነገ ጠዋት ጀሪካናቸውን እዚያው ይደቅናሉ። ሦስተኛ መንገድ ነበረ። ጠጥቶ መናገር። አንድ ብርጭቆ እኔን አይጎዳኝም፤ ልጆቻችሁን ግን በየቀኑ ሲጠጡት እንዲህ ያደርጋቸዋል ብሎ አፍን ከፍቶ ማሳየት። ይህን በደንብ አስቤዋለሁ። ብርጭቆውን ሳነሳ ቃላቱ ሁሉ ምላሴ ላይ ነበሩ።

ጠጣሁት። ለብ ያለ፣ ትንሽ ጨው ጨው የሚል፣ የባቱ ውሃ ጣዕም ነበረው። እስከ መጨረሻው ጠጥቼ ብርጭቆውን ዘቀዘቅሁት።

ከዚያ አፌን ከፈትኩ። "ግን..." አልኩ። አንዲት የሙሽራው ዘመድ ጥርሴን አየች። አጠገቧ ያለችውን በክርኗ ነካች፤ ሁለቱም አፌን አዩ። ቀኝ እጄ ከእኔ ቀድሞ አፌ ላይ ደረሰ።

ያቺ ቅጽበት ናት። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ያለው ሌላው ሁሉ ትርፍ ነው። ቃሉን ዋጥኩት፤ ሐጂ ሁሴን "አልሐምዱሊላህ" ብለው የቀሪቦ ብርጭቋቸውን አነሱ፣ ከጓሮ እልልታው ቀለጠ፣ ከበሮው ተመታ። ኦቦ ከድር ትከሻዬን ይዘው "ልጄ" አሉኝ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ሙሽራው መጥቶ አቅፎኝ ሳለ ከትከሻው በላይ አሻግሬ አየሁ። አንዲት እናት ወደ ፓምፑ ሄዳ ጀሪካኗን ደቅናለች።

ሰኞ ጠዋት የራስ ቅሉ በኖራ ተለቅልቆ ነበር። ቢሮ ስገባ ኃላፊዬ ሰምታለች። አልተቆጣችም። "ደንቡን ጠጣኸው እኮ" አለችኝ፤ ሥራዋን ቀጠለች። ከዚያ በኋላ ለሦስት ዓመት ስለ ፓምፑ ባነሳሁ ቁጥር የቡርቃ ሰው በፍቅር ይስቅብኛል። "አንተው አይደለህ የጠጣኸው?" ይሉኛል። እውነታቸውን ነው።

ዝውውር መጠየቅ እችል ነበር። ማመልከቻውን ሁለት ጊዜ ጽፌ ቀድጄዋለሁ። በመጨረሻ ያደረግሁት በመጀመሪያ ማድረግ የነበረብኝን ነው። ኦቦ ከድር ቤት ሄድኩ። ያለ ወረቀት። ተቀምጬ አፌን ከፍቼ ጥርሴን አሳየኋቸው፤ ከእናቴ ሌላ ለማንም እንደዚያ ከፍቼ አሳይቼ አላውቅም። ያን ቀን ልናገረው የነበረውን ሁሉ ነገርኳቸው። 

"ያኔ ይህን ብትል ሰርጉ ይፈርስ ነበር?" አሉኝ።

"አላውቅም፣ ኦቦ ከድር።"

"አይፈርስም ነበር" አሉ። "ሐጂ ሁሴን ጆሮ ያለው ሰው ነው። አንተ ግን ልጅ ነበርክ።"

ደንቡን እንደገና ያረቀቅነው እኔ ብቻዬን ሳልሆን ከእሳቸውና ከአስቴር ጋር ቤት ለቤት እየዞርን፣ በየሄድንበት እኔ አፌን እየከፈትኩ ነው። ፓምፑን ማንም አልከለከለም፤ የአባቶቻቸው ድካም ነው። ቀለም የተቀባው ቦኖው ነው፤ ሰማያዊ። ጠዋት የመጀመሪያው ሰልፍ ሕፃን ላለበት ቤት ሆነ። ወደ ገበያ የሚሄዱ ጋሪዎች ሲመለሱ በየተራ የልጆቹን ጀሪካን ይዘው ይመጣሉ። የልጅ ጀሪካን ክዳኑ ላይ ሰማያዊ ጨርቅ ይታሰራል፤ ከእሱ ትልቅ ሰው ቢጠጣ ነውር ነው። ይህን የመጨረሻውን አንቀጽ እኔ አላሰብኩትም። ያመጡት ኦቦ ከድር ናቸው፣ ከሁሉ በላይ የሠራውም ያ አንቀጽ ነው።

ደንብ ማለት ወረቀት የሚመስላችሁ ሰዎች ካላችሁ፣ እኔም ከናንተ አንዱ ነበርኩ። ሰው የሚፈራውን ነገር ሥላችሁ ማስፈራራት ይቀላል፤ እኔ በአንድ ጠዋት ችዬዋለሁ። ራሳችሁ የምታፍሩበትን ነገር ከፍቶ ማሳየት ግን ሦስት ዓመት ፈጀብኝ። በእነዚያ ሦስት ዓመታት ደግሞ በቡርቃ ልጆች ይወለዱ ነበር፣ ይጠጡም ነበር። ይህ ነው የሚያባንነኝ። አንዳንዶች "አንድ ትዳር አድነሃል፣ ተወው" ይሉኛል። አልተወኝም።

በቅርቡ የቡርቃ ትምህርት ቤት የተማሪዎችን ጥርስ ልናይ ሄድን። ልጆቹ በሰልፍ እየመጡ አፋቸውን ይከፍታሉ። ትንንሾቹ ጋ ነጭ፣ ነጭ፣ አልፎ አልፎ ብቻ ነጠብጣብ። ልቤ ሞቅ አለ። ከዚያ ከፍ ያሉት ክፍሎች መጡ። አንዲት ልጅ ተራዋ ሲደርስ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ቆመች። አስቴር ብታባብላት እምቢ አለች።

"ስምሽ ማነው?" አልኳት።

"ሲፈን" አለች ከእጇ ሥር። "ሲፈን ጀማል።"

ጀማል ሞጆ ደረቅ ወደብ የጭነት መኪና ስለሚነዳ ሃዊ የመጀመሪያ ልጇን ከወለደች ጀምሮ ከልጆቿ ጋር አባቷ ግቢ ውስጥ እንደምትኖር አውቃለሁ። ታናሽ እህቷ ቅድም አልፋ ሄዳለች፤ ጥርሷን እያሳየች ስትስቅ ነበር። ሲፈን የተወለደችው ግን ከሰርጉ በዓመቱ፣ ከሰማያዊው ጨርቅ በፊት ነው።

በርከክ ብዬ ቁመቷን ተስተካከልኩና ሳቅሁላት፤ አፌን ሳልሸፍን፣ እስከ መንጋጋዬ። ልጅቷ ጥርሴን ረጋ ብላ መረመረችው። ቀስ ብላ እጇን አወረደች። ፊት ለፊት ያሉት አራቱ ጥርሶቿ ቡናማ ነበሩ።

"እርስዎም ከፓምፑ ጠጥተው ነው?" አለችኝ።

"አዎ" አልኳት። "ልጅ ሆኜ ሳላውቅ የሰፈሬን ጠጣሁ። የዚህን ሰፈር ደግሞ እያወቅሁ ጠጣሁ፣ በእናትሽ ሰርግ ቀን።"